አሮጌው ኮምፒዩተር ሳይመረመር አይጣል

እንደሚታወቀው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ይህን ሰበብ አድርገው «ይኼማ አልፎበታል፣ አዲስ ይግዙ» የሚሉ ሻጮች አልታጡም። ለቤት አስቤዛ የተቀመጠ ገንዘብ እንዲሁ በወሬ እንዳይወጣ ነዋሪውን አጥብቀን እናሳስባለን።

መጀመሪያ ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ ሲስተም፣ ከዚያም አባውት የሚለውን መክፈት ነው፤ የፕሮሰሰሩ ስም እዚያው ተጽፏል። የኢንቴሉ «አይ5-8250» 8ኛ ትውልድ ስለሆነ ለዊንዶውስ 11 ያልፋል። «አይ5-7200» ግን ይወድቃል፤ ያውም ጉልበት አንሶት አይደለም! ቲፒኤም 2.0 የተባለው የጥበቃ ክፍልም ያስፈልጋል፤ ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይታይ የለም አይባል።

የወደቀውም ቢሆን 4 ጊጋባይት ራም ካለው ሊኑክስ ሚንትን ያስኬዳል። ዲስኩ ሳይነካ በፍላሽ አስነሥቶ መሞከር ይቻላል፤ ከመጫኑ በፊት ግን ፎቶውና ሰነዱ ሌላ ቦታ ይገልበጥ።