ሦስተኛው ቀስት ወዴት ይዙር?

እስቲ እርሳስ ያዙና እኩል ጎኖች ያሉት ጎነ ሦስት ሣሉ። በየማዕዘኑ አንዳንድ ቀስት አኑሩ፤ ቀስቶቹ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብቻ ያመለክታሉ። ሕጉ አንድ ነው፦ ሁለት ጎረቤታሞች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲቆሙ ጉልበታቸው ዝቅ ይላል። አንደኛው ወደ ላይ፣ ሁለተኛው ወደ ታች ይሁን። ሦስተኛውስ? ወዴትም ቢዞር ከአንዱ ጎረቤቱ ጋር ሲስማማ ሌላውን ያስቀይማል።

ይህን ጥያቄ ለአዲስ ተማሪዎቼ ሳቀርብ ብዙዎቹ «መምህር፣ ጥያቄው ስሕተት ሳይኖረው አይቀርም» ይሉኛል። ከአራት ፊደላት አንዱን እየመረጡ ያደጉ ናቸውና አልፈርድባቸውም። ይህ ልማድ ግን የፊዚክስን እውነተኛ ገጽታ እንደሚሸፍንባቸው አምናለሁ።

ሊኖሩ ከሚችሉት ስምንት አሰላለፎች ስድስቱ እኩል ዝቅተኛ ጉልበት አላቸው። የነገሩ ቁም ነገርም ይኸው የመልሶች ብዛት ነው። እያንዳንዱን ቀስት እንደ አንድ ማግኔታዊ አቶም እንውሰድ። እንዲህ ያሉ አቶሞች በካሬ መረብ ላይ ተደርድረው ሲቀዘቅዙ፣ በተወሰነ መጠነ ሙቀት ላይ አንዱ ወደ ላይ፣ ቀጣዩ ወደ ታች እየሆኑ ሥርዓት ይይዛሉ፤ ይህም የሁነት ሽግግር ይባላል። በጎነ ሦስት መረብ ላይ ግን፣ ግሪጎሪ ዋኒየር በ1950 እ.ኤ.አ. በስሌት እንዳረጋገጠው፣ ከፍጹም ዜሮ በላይ በየትኛውም መጠነ ሙቀት ሽግግሩ አይከሰትም። በፍጹም ዜሮም እንኳ ለእያንዳንዱ አቶም የቦልትዝማን ቋሚ 0.323 እጥፍ ያህል ኢንትሮፒ ይቀራል። ይህም ማለት በሰፊ መረብ ላይ አንድ አቶም በተጨመረ ቁጥር የአማራጮቹ ብዛት በአማካይ በ1.38 ገደማ ይባዛል።

ቀስቶቹ በማንኛውም አቅጣጫ መዞር ሲችሉና የኳንተም ሕግ ሲገዛቸው ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ፊሊፕ አንደርሰን በ1973 እ.ኤ.አ. እነዚህ ቀስቶች በፍጹም ዜሮም ሳይረጉ፣ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ እንደ ፈሳሽ ይቀራሉ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ኋላ የመጡ የኮምፒውተር ስሌቶች ግን፣ ቅርብ ጎረቤቶች ብቻ በሚጎታተቱበት ቀላል ሞዴል፣ ቀስቶቹ እርስ በርሳቸው የ120 ዲግሪ ማዕዘን ፈጥረው እንደሚረጉ አመለከቱ። በፈተና ወረቀት ላይ ቢሆን አንደርሰን ዜሮ ባገኘ ነበር። በምርምር ዓለም ግን ሐሳቡ የስፒን ፈሳሽ ፍለጋን ወልዶ እስከ ዛሬ ተመራማሪዎችን ያተጋል።

በርግጥ ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል የምርጫ ጥያቄ ለእርማት ይቀላል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ጨርሶ ይቅር አልልም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ፈተና ቢያንስ አንድ «ስንት መልስ አለው? ለምን?» የሚል ጥያቄ ይግባ እላለሁ።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ የቤት ሥራ አለኝ። በሣላችሁት ጎነ ሦስት አንድ ጎን ላይ ሌላ ጎነ ሦስት አስጠግታችሁ አራተኛ ቀስት ጨምሩ። ከሁሉ ዝቅተኛ ጉልበት ያላቸው አሰላለፎች ከስድስት ይበዛሉ ወይስ ያንሳሉ? አትገምቱ፤ ቁጠሩ።