ርግቧን ማን ቀለባት?



አውሮፕላን በወደቀ ቁጥር መርካቶ ውስጥ ከሱቅ ሱቅ የምትዞር ቃል አለች፦ «ቀደር ነው!»። ቃሏ እውነት ናት። በቀደር ማመን ከኢማን ማዕዘናት አንዱ ነው፤ የሚከራከር የለም። የኔ ክርክር ቃሏን እንደ በር መዝጊያ ከሚጠቀሙባት ሰዎች ጋር ነው። «ቀደር ነው» ይባልና ወሬው ያልቃል፤ ምክንያቱን የሚጠይቅ አይኖርም። ግመሉን ሳያስር «ተወከልኩ» ሊል ለፈለገው ሰው ረሱል ﷺ የሰጡትን መልስ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ታዲያ ምክንያት መፈለግ ሲመጣ ለምን እንረሳዋለን?

ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም. አሜሪካ ሉዊቪል ከተማ ላይ አንድ የጭነት አውሮፕላን ሊነሳ ሲንደረደር የግራ ሞተሩ ከክንፉ ተገንጥሎ ወደቀ። 3ቱ የበረራ ሠራተኞችና ምድር ላይ የነበሩ ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች ፍርስራሹን ለቅመው ሞተሩን ከክንፉ ጋር በሚያያይዘው ብረት ላይ ስንጥቅ አገኙ። የዚያ ዓይነት አውሮፕላኖችም ከበረራ ታገዱ። ምክንያት ሲፈለግ ይገኛል ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን 104 ሰዎችን ይዞ ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ተነሳ። ገና ከመሬት ሲለቅ ከርግብ መንጋ ጋር ተጋጨ። ርግቦቹ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። እንዲህ ያለ አውሮፕላን አንድ ሞተር ቢጠፋበት በሌላው ይበራል፤ ሁለቱም ሲከዱት ግን መሬት ከመፈለግ በቀር መላ የለውም። ጎማውን ሳያወጣ ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈ፤ በእሳትም ተያያዘ። 35 ተሳፋሪዎች ሞቱ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 18 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ እዚሁ አዲስ አበባ ቦሌ ላይ 4 ሰዎች ብቻ የነበሩበት ቦይንግ 707 ሲንደረደር እንደገና ርግቦች ሞተር ውስጥ ገቡ። በረራው ቢቋረጥም አውሮፕላኑ መቆም አልቻለም፤ ከመንደርደሪያው አልፎ ሄደ። አልሐምዱሊላህ የሞተ ሰው የለም። አውሮፕላኑ ግን ከዚያ በኋላ ለበረራ አልበቃም።

ግማሽ ኪሎ የማትሞላ ርግብ ይህን ሁሉ እንዴት ታደርጋለች? የሞተሩ ምላጮች በደቂቃ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይሽከረከራሉ። በዚያ ፍጥነት ርግቧ እንደ ድንጋይ ናት። ምላጩ ይጣመማል ወይም ይሰበራል፤ የአየሩ ፍሰት ይታወካል፤ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። አንዷን ችሎ ያሳለፈ ሞተር መንጋውን ላይችል ይችላል።

እዚህ ላይ «ወፍን ማን ይከለክላል?» የሚል አይጠፋም። ወፍን የሚከለክል የለም፤ ምግቧን ግን መከልከል ይቻላል። ወፍ ያለ ምክንያት አትሰበሰብም፤ የምትመጣው እህል፣ ውሃ፣ ሥጋና ቆሻሻ ፍለጋ ነው። ከአጥር ወዲያ ያለውን ሣር ማጨድ፣ ያቆረ ውሃ ማድረቅ፣ ወፍ ማባረር የአውሮፕላን ማረፊያው ሥራ ነው። ከአጥር ወዲህ ያለው ግን የማን ነው?

«መርካቶ የት፣ ቦሌ የት?» የሚለውም መልስ አለው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከማረፊያው እስከ 13 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ወፍ የሚስብ ነገር ሁሉ ክትትል እንዲደረግበት ይመክራል። መርካቶ ከቦሌ መንደርደሪያ በቀጥታ መስመር ቢለካ ከ13 ኪሎ ሜትር በታች ነው። የቆሼ ቆሻሻ መጣያም እንደዚሁ። የ1982ቱን አውሮፕላን ያበላሸችው የመርካቶ ርግብ ናት እያልኩ አይደለም። የምለው፣ የታክሲ መንገድ የሚያርቀው ቦታ ለአሞራ ጎረቤት ነው።

እስኪ በንጋት እህል በረንዳን ተመልከቱ። ከጆንያ የፈሰሰ ስንዴና ማሽላ፣ በላዩም የርግብ መንጋ። ከዚያ የዓረፋን ማግስት አስታውሱ። ፈርስ በፌስታል ታስሮ ገንዳ ሥር፣ ሆድ ዕቃ ቦይ ውስጥ፣ ያልተነሳ ቆዳ አስፋልት ላይ፣ ከላይ አሞራና ጭልፊት። «በሌላውም በዓል ያው ነው» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ኡድሒያ ዒባዳ ነው። ዒባዳውን አሳምሮ ትርፉን በሰው መንገድ ላይ የሚጥል ሰው፣ ከመንገድ ላይ አስቸጋሪን ነገር ማንሳት የኢማን ቅርንጫፍ መሆኑን የት ጥሎት ነው?

ደግሞ ጊዜውን አስተውሉ! ሑጃጆቻችን በቦሌ የሚመለሱት ከዓረፋ በኋላ ባሉት ቀናት ነው። እናቶቻችንን ልንቀበል በምንወጣበት ሰሞን ሰማዩን በአሞራ እንሞላዋለን። ከዱባይና ከጓንጁ የሚመጣው የመርካቶ ዕቃ የሚያርፈውም በዚያው ማረፊያ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ግልጽ ነው። የመስጂድ ኮሚቴዎች ከዓረፋ በፊት የማረጃ ቦታ ይለዩ፤ ከቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራትና ከቆዳ ነጋዴዎች ጋር ተነጋግረው ተረፈ ምርቱ በዕለቱ እንዲነሳ ያድርጉ። የእህል ነጋዴዎች የፈሰሰውን ማታ ሳይጠርጉ ሱቅ አይዝጉ። ክፍለ ከተማው ገንዳ ሞልቶ እስኪፈስ አይጠብቅ፤ ግብር የምንከፍለው ለዚህም ጭምር ነው። ኢማሞችም በዒድ ኹጥባ ላይ ስለ እርዱ ሥርዓት ሲያስተምሩ ስለ ፈርሱም ሁለት ደቂቃ ይስጡት።

ይህን ሁሉ አድርገን አደጋ ቢመጣ፣ ያኔ «ቀደር ነው» ብለን ሶብር እናደርጋለን። እጃችንን አጣጥፈን የምንላት «ቀደር ነው» ግን ተወኩል ሳትሆን ስንፍና ናት።

ዓረፋ ሳይደርስ ለየመስጂዳችሁ ኮሚቴ አድርሱልኝ።

ወሏሁ አዕለም።