ኦርኪድ ከተቀጽላ ይለይ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና ጫካዎች የጥላ ዛፍ ሲጸዳ፣ ኤራንጊስ የተባለው ኦርኪድ ከተቀጽላ ጋር አብሮ ተፍቆ ይጣላል። ይህ አሠራር መቅረት አለበት እንላለን።

ተቀጽላ ሥሩን በቅርንጫፉ ውስጥ ሰድዶ ውኃና ምግብ ይመጥጣል። ኦርኪዱ ግን በቅርፊቱ ላይ ይጣበቃል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ የሚኖረው በዝናብ፣ በጉምና ቅርፊቱ ላይ በሚጠራቀም ብስባሽ ነው። በዘለላ ተንጠልጥለው የሚወርዱት ነጫጭ አበቦቹ ማታ ሲያውዱ የእሳት ራቶችን ይስባሉ።

ቡናው ብርሃን እንዲያገኝ ቅርንጫፍ መግረዝ ተገቢ ነው። ነገር ግን የኦርኪድ ዘር እንደ ብናኝ የደቀቀና ለመብቀል ተስማሚ ፈንገስ የሚያሻው ስለሆነ፣ የጠፋው በቀላሉ አይተካም።

ስለዚህ ለማልማት የሚሻ ማኅበር ከቆመ ዛፍ አይንቀል፤ በተገረዘ ወይም በወደቀ ቅርንጫፍ ላይ የተገኘውን ያንሣ። ሥሩን ሳይሰብር ሻካራ ቅርፊት ባለው ግንድ ላይ፣ ከፊል ጥላና ነፋሻ በሆነ ቦታ፣ በለስላሳ ገመድ ይሰረው። አበባው እንዲንጠለጠል ከፍ ይበል። አፈር ውስጥ ከተተከለ ሥሩ ይበሰብሳል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የተቀበለችው የሳይተስ ስምምነት ኦርኪድን ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ መላክን ይከለክላል። የልማት ሠራተኞች ከግረዛው ወቅት በፊት ሁለቱን ዕፅዋት በዛፉ ሥር ቆመው ለገበሬው ለይተው ያሳዩ።