ልጁ የሚታሰረው ለትራፊክ ፖሊስ ነው?

እሁድ ከሰዓት በኋላ ቦሌ መንገድ ዳር ቆማችሁ የሰርግ አጀብ ሲያልፍ ተመልከቱ። ከሙሽሮቹ መኪና ኋላ በሚከተለው ላይ አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ በሰንሩፉ ከወገቧ በላይ ብቅ ብላ እጇን ታውለበልባለች። ክላክሱ ይቀልጣል። ቪዲዮ ቀራጩ ከፊት ባለው መኪና መስኮት ተንጠልጥሎ እሷኑ ይቀርጻል፤ መንገደኛውም ፈገግ ብሎ ያልፋል። ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ልጅቷን የሚያስቀራት ምንድን ነው? ከታች ቀሚሷን የያዘችው አክስቷ? አክስቷንስ ማን ያዛት?

ሰርግ በስንት ጊዜ አንዴ ነው ትሉ ይሆናል። እሺ፣ ክርስትናስ? ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ተጠምቃ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የት ነው የምትቀመጠው? ክርስትና እናቷ ታቅፋት የፊት ወንበር ላይ። የክብር ቦታ ነዋ! ከዚያ የክብር ቦታ ፊት ለፊት፣ ክሩስኮቱ ውስጥ፣ ኤርባግ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ግጭት ሲፈጠር በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊደርስ በሚችል ፍጥነት ተነፍቶ ይወጣል። የተሠራውም ቀበቶውን አስሮ ወደ ኋላ ተደግፎ ለተቀመጠ አዋቂ ነው። በአዋቂዋና በኤርባጉ መካከል የ80 ቀን ሕፃን ስትገኝ ምን እንደሚሆን ለመገመት መሐንዲስ መሆን ያስፈልጋል?

«እኔ እኮ አጥብቄ ነው የምይዘው» የሚለው መልስ ከሁሉ በላይ ይገርመኛል። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። ልጁ 10 ኪሎ ይመዝናል። መኪናው ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ ቀጥ ቢል፣ በዚያች ቅጽበት ልጁን ለማስቆም የሚያስፈልገው ኃይል 200 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ከማንሳት ጋር እኩል ነው። ሁለት ኩንታል! ሁለት ኩንታል በክንዷ የምታነሳ እናት የት አለች? ያውም ሳትዘጋጅ፣ ያውም እሷ ራሷ ወደ ፊት እየተወረወረች። «ከተማ ውስጥ ቀስ ብለን ነው የምንሄደው» ለሚል ደግሞ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነትም ሒሳቡ 70 ኪሎ ገደማ ይመጣል። እናትየው ራሷ ቀበቶ ካላሰረች፣ የእሷም ክብደት ከኋላ መጥቶ የሚያርፈው ልጁ ላይ ነው።

ይህ የእቅፍ እምነት የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ልጆች መኪና ውስጥ በተሠራላቸው ወንበር እንዲታሰሩ በሕግ ያስገደደችው የመጀመሪያዋ ግዛት ቴነሲ ናት፤ ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በ1978 እ.ኤ.አ. ነበር። ከጀርባው ሮበርት ሳንደርስ የሚባሉ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። ሕግ አውጪዎቹ ታዲያ ሕጉን ሲያጸድቁ አንዲት ቀዳዳ ትተው ነበር፦ ልጁን በእቅፍ የያዘው ሰው ካለ ወንበሩ ይቅር። ተቃዋሚዎቹ ይህችን አንቀጽ «ልጅ ጨፍላቂ» እያሉ ይጠሯት ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. ተሰረዘች። እንግዲህ የተማሩ የሕግ ሰዎችም እንደ እኛው ክንድ ይበቃል ብለው አምነው ነበር ማለት ነው። እነሱ ሐሳባቸውን ለመቀየር ሦስት አራት ዓመት ፈጀባቸው። እኛስ ስንት ዓመት እንፈልጋለን?

ነገሩን ያላወቅነው ቢሆን እንኳ ደህና ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዳላስ የምትኖር አበሻ እናት አራስ ልጇን ይዛ ከሆስፒታል ለመውጣት መጀመሪያ የምታዘጋጀው ካር ሲቱን ነው። ልጁ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ መቀመጥ እንዳለበትም ጠንቅቃ ታውቃለች፤ የሕፃን ጭንቅላት ከቁመቱ አንድ አራተኛ ስለሆነና አንገቱም ገና ስላልጠና፣ በግጭት ጊዜ ጀርባው ካልተደገፈ ጉዳቱ የሚያርፈው አንገቱ ላይ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2018 እ.ኤ.አ. «እስከ 2 ዓመት» ይል የነበረውን ምክሩን ቀይሮ፣ ወንበሩ የሚፈቅደው ቁመትና ክብደት እስኪሞላ ድረስ ልጁ ወደ ኋላ ዞሮ ይቀመጥ ብሏል። ይህንን ሁሉ የምታውቀው እናት በክረምት ዘመድ ጥየቃ ስትመጣ ግን ያው ልጅ ከቦሌ ኤርፖርት እስከ አያቱ ቤት በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ቆሞ፣ ማርሹን እየነካካ ይሄዳል። ለምን ቢሏት፣ «እዚያ እኮ ፖሊሱ አያፈናፍንም» ትላለች። የልጁ አንገት ቦሌ ሲደርስ ይጠነክራል? እዚያ ሳለ የታሰረው እንዳይጎዳ ነበር ወይስ እናቱ እንዳትቀጣ?

እዚህ ያለነውም የተለየን አይደለንም። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ ቀበቶውን ጎትቶ ደረቱ ላይ ጣል የሚያደርግ፣ ካለፈ በኋላ የሚለቅ ሹፌር ስንቱ ነው? ጩኸቱን ዝም ለማሰኘት ቀበቶውን ከጀርባው አዙሮ የቆለፈስ? የፊቱ እንኳ በዚህ መልክ ከታለፈ የኋላው ወንበር ቀበቶ ማን ያስታውሰዋል? እስቲ የቤታችሁን መኪና የኋላ በር ከፍታችሁ እዩ። መቆለፊያው የት አለ? በብዙ ቪትዝና ኮሮላ ውስጥ የምታገኙት ከወንበር ልብሱ ሥር ነው። መኪናው በተገዛ ሰሞን ወንበሩ እንዳይቆሽሽ ተብሎ ከዳር እስከ ዳር በቆዳ ተለብጦ ተሰፍቷል፤ መቆለፊያዎቹም አብረው ተቀብረዋል። ልጁ ወንበሩን እንዳያቆሽሽ የታሰበውን ያህል፣ ወንበሩ ልጁን እንዲይዝ ለምን አልታሰበም? መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ከተማውን የሞሉት አዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖችስ? በብዙዎቹ የኋላ ወንበር፣ በመደገፊያውና በመቀመጫው መጋጠሚያ፣ የልጅ ወንበር የሚታሰርባቸው ሁለት የብረት ቀለበቶች አሉ። ባለመኪናው ባትሪው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ በቃሉ ይነግራችኋል። ቀለበቶቹን አይቷቸው ያውቃል?

አዲስ ቴሌቪዥን ከመርካቶ ስናመጣ ግን እንዴት ነን? ካርቶኑ በኋላ ወንበር ላይ በትራስ ተደግፎ፣ በዚያው በተረሳው ቀበቶ ይታሰራል፤ ሹፌሩም «ቀስ በል፣ ዕቃ አለ» ይባላል።

የልጅ ወንበር ውድ ነው፤ እውነት ነው፣ እንደ ልብም አይገኝም። በታክሲ ወይም በባጃጅ ልጇን አዝላ የምትሄድ እናትን ምንም አልልም፤ እሷን የሚመለከተው ጥያቄ ለወላጅ ሳይሆን ቀበቶ የሌለው ተሽከርካሪ ሰው እንዲጭን ለሚፈቅደው አካል ነው። እኔ የምናገረው ቸርኬ ለሚቀይረው፣ መስታወት ለሚያስጠቁረው፣ ሙዚቃ ማጫወቻ ለሚያስገጥመው ነው። የአሜሪካው የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በሚገባ የታሰረ ወንበር በቤት መኪና ውስጥ የጨቅላዎችን ሞት በ71 በመቶ እንደሚቀንስ ይገልጻል። ሞትን በ71 በመቶ የሚቀንስ ቸርኬ አለ?

«ሲታሰር ያለቅሳል»ስ? ክትባት ሲወጋስ አያለቅስም? ያን ጊዜ እኮ እጁን ይዘን ነርሷን እናግዛለን። «እግዚአብሔር ይጠብቀዋል» የሚለውን ደግሞ በአክብሮት ነው የምጠይቀው። ስፖኪዮው ላይ መስቀል ወይም መቁጠሪያ ሰቅለን፣ በስመ አብ ብለን ሞተር ካስነሳን በኋላ፣ በጸሎቱና በመቆለፊያው መካከል ምን ጠብ አለ? ቤታችንንስ ጸልየን ስናበቃ በሩን ሳንቆልፍ ነው የምንተኛው?

ከሁሉም ያልገባኝ የትምህርት ቤት ሰርቪሱ ነገር ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሚኒባሱ በር ላይ ይቆማል፤ ረዳቱ የአፀደ ሕፃናቱን ልጅ ከነቦርሳው ብድግ አድርጎ ያስገባና በሩን ይዘጋል፤ እናትም እጇን አውለብልባ ትመለሳለች። የወሩ ክፍያ ለምን እንደ ጨመረ ጠይቀናል። ለምን አምስት ደቂቃ እንደ ዘገየ ስልክ ደውለን ተቆጥተናል። ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር ላይ ስንት ልጅ እንደሚደረደር፣ ከሹፌሩ ጎን የትኛው ሕፃን እንደሚቀመጥ፣ ቀበቶ መኖር አለመኖሩን የጠየቅነው መቼ ነው? «ሌሎቹ ወላጆችም እኮ ምንም አላሉ» የሚል አይጠፋም። ሌሎቹስ ስለ እናንተ ምን የሚሉ ይመስላችኋል?