ጎርፉ ከጉና ይጀምራል

ወንዝ ሲባል እኛ ከተሜዎች ዓባይን እንጠራለን፤ ቢበዛ አዋሽን እንጨምራለን። እስቲ ዛሬ ጉማራን እናንሳው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሄደ ሁሉ ወረታ ሳይደርስ በድልድዩ አልፎታል (እንቅልፍ ካልወሰደው አይቶታል ማለት ነው)።

ጉማራ ትንሽ ወንዝ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ካለው ከጉና ተራራ ይነሣል፤ ጣና ላይ ያበቃል። ከደቡብ ጎንደር ዞን አይወጣም። ግን በዚያች አጭር መንገዱ ከ4000 ሜትር በላይ ከሆነ ተራራ ተነሥቶ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለ ሐይቅ ይወርዳል። ላይ ጅብራና ገብስ፣ መሃል የዋንዛዬ ፍል ውሃ፣ ታች የፎገራ ሩዝ።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጉማራና ሌላው የጉና ልጅ ርብ ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ሲያጥለቀልቁ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ። እንዲህ ያለ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ካሜራው የሚሄደው ወደ ሜዳው ነው። ድንኳን፣ ጀልባ፣ ብርድ ልብስ… «የተፈጥሮ አደጋ» ተብሎ ዜናው ያልቃል። ጋዜጠኝነት ስንማር «ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን» ተብለን ነበር፤ «ለምን» የሚለውን ማን እንደበላው እንጃ!

መልሱ ያለው ጉና ላይ ነው። ሰኔ ላይ ተዳፋቱ ታርሶ ራቁቱን ሳለ ዝናብ ይወርድበታል፤ አፈሩ ታጥቦ ይሄዳል። ውሃው ሜዳው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ስለሚደክም የተሸከመውን ደለል እዚያው ያራግፋል። የወንዙ ሆድ በደለል ሲሞላ የክረምቱ ውሃ የት ይግባ? ጣናም ከሞላ መግቢያ ያጣል፤ ዳርቻውን ጥሶ ይወጣል።

ጎርፉ ክፉ ብቻ ነው ብል ግን የፎገራ ሰዎች ይታዘቡኛል። ሜዳው ዋልካ ነው፤ ክረምት ውሃ ይተኛበታል። ሩዝ በደርግ ዘመን ከገባ ወዲህ ያ የተኛ ውሃ ሀብት ሆኗል። ገበሬው ኤክስ ጅግና የሚባለውን ዝርያ ዘርቶ ያመርታል፤ ሩዙ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል። ከላይ የሚመጣው አፈርም ማሳውን ያዳብራል። እንግዲህ የጉና ገበሬ የከሰረው አፈር ነው ታች ያለውን የሚያበላው!

እኔን የሚያናድደኝ እዚህ ጋ ነው። የላይኛው ገበሬ «ተዳፋት አትረስ» ይባላል። ምን ይብላ? ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በክልሉ በዘመቻ ብዙ እርከን ተሠርቷል፤ ጉልበቱ የገበሬው ነው፣ በነፃ። እርከኑ ከጠባብ ማሳው ላይ ቦታ ይወስድበታል። አፈሩ ቢቀርለትም ከጎርፍ የሚተርፈው ግን ታች ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ከሩዙ ንግድ ትንሽ ተቀንሳ ለእሱ ትሰጠው እላለሁ፤ ተዳፋቱን ለሣርና ለዛፍ የለቀቀበት ኪራይ ትሁን።

«ማን ይሰበስበዋል?» ትሉኝ ይሆናል። ፋርጣም፣ እስቴም፣ ደራም፣ ፎገራም በአንድ ዞን ሥር ናቸው። እንደ ዓባይ ሦስት አገር ለድርድር አይቀመጥም፤ የአራቱ ወረዳ ሰዎች ደብረ ታቦር ላይ መገናኘት ይችላሉ። ጋዜጠኛ ጓደኞቼ ደግሞ ነሐሴን ሳትጠብቁ፣ በሰኔ ካሜራችሁን ይዛችሁ ጉና ውጡልኝ። ብርድ ስላለ ጋቢ አትርሱ።