ነጻ መዋጮ አባል ያበዛል፤ የሚያቆየው ግን አገልግሎቱ ነው

አዲስ አበባ፦ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ኦሎምፒያ አካባቢ የጉልት ነጋዴዋ፣ የመኪና ጠባቂውና የቢሮ ሠራተኛው በአንድ ጎዳና ይውላሉ። በሕመም ቀን ግን አቅማቸው ይለያያል። ቋሚ ደመወዝ ለሌላቸው የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው።

ሥርዓቱ በ2003 ዓ.ም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይ እና በቀድሞው ደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ኋላ ወደ አዲስ አበባ ደርሷል። አባል የሚኾነው ቤተሰብ ነው፤ መዋጮውም በየዓመቱ ይታደሳል። መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይሸፍንላቸዋል።

በአሜሪካ ተጠቃሚው ከብዙ የመድን ዓይነቶች ይመርጣል። ወርኃዊ ክፍያ የሌለበት መድን ሊስበው ይችላል፤ ሲታመም ግን ከኪሱ የሚከፍለው ሊበዛ ይችላል። በኢትዮጵያ ማኅበረሰብ አቀፍ መድን ይህ አማራጭ የለም። ምርጫው መግባት ወይም መቅረት፣ ማደስ ወይም መተው ነው።

አስቸጋሪው ጉዳይ ከነጻ ተጠቃሚዎች መስመር ጥቂት ከፍ ያሉት ቤተሰቦች ናቸው። ገበሬው ምርት ሰብስቦ ሲሸጥ መዋጮውን ሊከፍል ይችላል፤ የጉልት ነጋዴዋ ግን የመኸር ወቅት የላትም። የዓመቱን ክፍያ በአንድ ጊዜ ማውጣት ይከብዳታል። ጤነኛው እስኪታመም ከጠበቀ ደግሞ ቋቱ የሚቀረው ለሕሙማን ብቻ ነው።

በኢንዶኔዥያ 6 ሺህ በሚጠጉ ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት ትምህርት ይሰጣል። ጊዜያዊ ድጎማው በቆየበት ወቅት የአባላት ቁጥር ከስምንት እጥፍ በላይ አድጓል፤ ካበቃ በኋላም እጥፍ ኾኖ ቆይቷል። የገቡትም ብዙ ወጪ የማያስከትሉ ነበሩ። ይሁንና የአንድ ዓመት ሙሉ ነጻ ክፍያ ከምዝገባ እገዛ ጋር ቢቀርብም መጀመሪያ ላይ የተመዘገቡት 30 በመቶ ብቻ ናቸው። የቅጽ፣ የወረፋና የመታወቂያ ጣጣም እንደ ገንዘቡ ሁሉ እንቅፋት መኾኑን ያሳያል።

ይህ በ2017 ዓ.ም በርካታ ነዋሪዎች ለተነሱበት ካዛንቺስ ክብደት አለው። የነጻ ተጠቃሚ ልየታ በአካባቢ ሰው ትውውቅ ላይ ስለሚመሠረት፣ ሰፈር የለወጠ ቤተሰብ በአዲሱ ወረዳ ዳግም መታወቅ ይኖርበታል።

መዋጮን መሸፈን በር ይከፍታል። አባሉ መድኃኒት አጥቶ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ከተላከ ግን መታወቂያው ዋጋ ያጣል፤ በቀጣዩ ዓመት ለማደስም አይቸኩልም። ስለዚህ ድጎማ፣ ቀላል ምዝገባ እና በመደርደሪያ ላይ ያለ መድኃኒት ተነጣጥለው ሊታዩ አይገባም።