ጥፋቱ የፊደላችን ነውን?

በትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል አንድ አጉል ፍርድ ሥር እየሰደደ ስለ ሄደ ዝም ብሎ ማለፍ ተገቢ መስሎ አልታየኝም። ይኸውም በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ወደ ሰርቨሩ አልሄድ ሲል «ፊደላችን ለኮምፒዩተር አይመችም፤ ስሙን በላቲን ጻፈው» የሚባለው ነው። አዳማ ሁለት ቋንቋ በአንድ ዴስክ የሚቀመጥባት ከተማ ስለሆነች ነገሩ እውነት ይመስላል። በቁቤ የተሰየመው የአፋን ኦሮሞ የቤት ሥራ በደኅና ሲደርስ፥ አጠገቡ ያለው የአማርኛው ተመልሶ ይመጣልና።

እኔ ግን በበኩሌ ፍርዱ ያለ ምርመራ የተሰጠ ነው እላለሁ።

ኤፍ.ቲ.ፒ. የሚባለውን የፋይል ማስተላለፊያ ደንብ በፈረንጆች አቆጣጠር በሚያዝያ 1971 አብሃይ ቡሻን የተባለው ህንዳዊ በአሜሪካ ኤም.አይ.ቲ. ሳለ አወጣው። በዚያን ጊዜ የታሰበው ለእንግሊዝኛ ፊደል ነበር። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 ሲሆን፥ በዚያው ዓመት የማስተላለፊያው ደንብም ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ የሌሎችን ሕዝቦች ፊደል እንዲቀበል ተሻሻለ። እንግዲህ መንገዱ ከተጠረገ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚቀረው ላኪውና ተቀባዩ በአጻጻፉ መስማማታቸው ነው። ካልተስማሙ ያልታወቀው ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ሊተካ ይችላል፤ ዊንዶውስም የጥያቄ ምልክት ያለበትን ስም ከቶ አይቀበልም። ሊኑክስ ግን ይቀበላል፤ ይህም የባሰ ነው። «ሒሳብ» እና «ታሪክ» ሁለቱም ሦስት የጥያቄ ምልክት ሆነው፥ ኋላ የመጣው የፊተኛውን ሊደመስሰው ይችላል።

ሌላው ምክንያት ርዝመት ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የቁቤ ሆሄ አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የእኛ ፊደል ሦስት ይይዛል። የሊኑክስ ሰርቨር ደግሞ ለአንድ ፋይል ስም የሚፈቅደው ብዙውን ጊዜ 255 ባይት ነው፤ ይህም 85 ፊደል ማለት ነው። ዊንዶውስ በፊደል ስለሚቆጥር ያው ረጅም ስም በቤት ኮምፒዩተር ላይ ያለ ችግር ይቀመጣል። የእኛ ተማሪ ደግሞ የፋይሉን ስም የፍርድ ቤት ማመልከቻ ያስመስለዋል፤ የራሱን ስም ከነአያቱ፣ ክፍሉን፣ የትምህርቱን ዓይነት፣ የመምህሩን ማዕረግ፣ ቀኑን ሳይቀር!

ምርመራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ያንኑ ፋይል «ሀ» ብላችሁ ሰይማችሁ ላኩት። ከሄደ፥ ተጠርጣሪው ርዝመቱ እንጂ ፊደሉ አይደለም። ካልሄደ በአንድ የላቲን ሆሄ ሞክሩት፤ ይህኛው ከሄደ ፕሮግራሙን ወደ ዩቲኤፍ-8 ማስተካከል ነው። ሁለቱም እንቢ ካሉ ስሙን ተዉትና ሌላ ፈልጉ፤ ወይ የሰርቨሩ ዲስክ ሞልቷል፥ ወይ የመጻፍ ፈቃድ የላችሁም፥ ወይም ፋየርዎሉ መንገድ ዘግቷል። ኤፍ.ቲ.ፒ. ትእዛዙን በአንድ መስመር፥ ፋይሉን በሌላ መስመር ስለሚልክ፥ የይለፍ ቃሉ ተቀባይነት አግኝቶ የፋይሎቹ ዝርዝር ግን ሳይመጣ ሊቀር ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የተለመደው ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራት ነው። በዚያች ደቂቃ ሥራውን ሲልክ የነበረ ሌላ ተማሪ ግማሽ ፋይል በሙሉ ስም ተቀምጦ ይጠብቀዋል። መጠኑን ካላመሳከረ መምህሩ እስኪከፍተው ድረስ አያውቅም።

«ስም በላቲን ቢጻፍ ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖር ይሆናል። አንዱን የአማርኛ ስም ሦስት ሰዎች በላቲን ሲጽፉት ሦስት ዓይነት ይሆናል፤ መዝገብ ውስጥ ሲፈለግም አይገኝም። አባቶቻችንም በጽሕፈት መኪና ዘመን ፊደላችን ስለ በዛ ይቀነስ የሚል ክርክር ሰምተዋል። መኪናው ሄደ፤ ፊደሉ እነሆ አለ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ወደዚያ የምንሄድ ተማሪዎች የገዛ ፊደላችን ጉድለተኛ ነው ብለን አምነን መሄዳችን ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ለኮምፒዩተር ክፍሉ ኃላፊዎች ጥያቄ አለኝ። ከሰርቨሩ አጠገብ አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ ፋይል የተመለሰበት ተማሪ ሰዓቱን፣ የፋይሉን ስምና መጠን፣ በመስኮቱ ላይ የወጣውን ቃል እንዳለ ይጻፍበት። ሰርቨሩን ማጥፋት የሚፈቀደውም ደብተሩ ከተነበበ በኋላ ይሁን።